ሦስት ጊዜ ሄደን ያልተቆረጠ እንጥል

የልጅ ልጆቼ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ሥራቸው እኔን ማስለፍለፍ ነው። ሰሞኑን ደግሞ «እምዬ፣ ያንን አንገቷ እንደ ዱባ ያበጠበትን ክረምት ንገሪን» ብለው ያዙኝ። አንገቷ ያበጠው ልጅ እዚያው መሃላቸው ተቀምጣለች፤ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናለች። «እኔማ ምኑን አስታውሼው፣ ተኝቼ ነው ያለፈኝ» ትላለች። እውነቷን ነው። እሷ ተኛች፣ ቁጭ ብዬ የከረምኩት እኔ ነኝ። ፊደል ስላልቆጠርኩ እኔ እናገራለሁ፣ አንደኛዋ ትጽፋለች። ከመንገድ ስወጣ መልሺኝ ብያታለሁ፤ ግን እሷም ወሬ ስለምትወድ ብዙ አልተማመንባትም።

ቁጭ ማለት ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። እግሬ ቤት አይወድም። ወረኢሉ ሠርግ አለ ሲባል እዚያ ነኝ፣ ደጎሎ ለቅሶ አለ ሲባል እዚያ ነኝ፣ መካነ ሰላም ገበያ በሚቆምበት ቀን ደግሞ የምገዛው ባይኖርም ዋጋ ጠይቄ እመለሳለሁ። ሰው ሲያማኝ «እሷን ቤቷ የሚያገኛት እንቅልፍ ብቻ ነው» ይላል። አልከፋኝም። እንቅልፍም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሰው ቤት ነው ያገኘኝ።

ልጄ፣ ማለት የልጅቷ እናት፣ አስተማሪ ናት። በየክረምቱ ደሴ እየሄደች ትማር ነበር። ያ ክረምት የመጨረሻዋ ነው፤ ፈተናዋን ከጨረሰች ወረቀቷን ትቀበላለች። ባሏ ሹፌር ስለሆነ አገር ላገር ይዞራል። እና ልጅቷን ለኔ ሰጠችኝ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «እማዬ፣ አደራ፣ እንደሰጠሁሽ አድርገሽ መልሺልኝ» አለችኝ።

«ምን፣ አጉድዬ ልመልሳት ነው?» አልኳት ተቆጥቼ።

«ይዘሻት አትዙሪ ማለቴ ነው።»

ልጅቷ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። የወጣችው በኔ ነው፣ አርፋ አትቀመጥም። እኔ በአገሩ እዞራለሁ፣ እሷ በግቢው ትዘላለች። ሱዚ የሚሉትን የላስቲክ ዝላይ ከቁርጭምጭሚት ተነስቶ እስከ አንገት ሲያደርሱት፣ አንገት ላይ የምትደርሰው ከሰፈሩ ልጅ እሷ ብቻ ነበረች።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ «ጉሮሮዬን አመመኝ» አለች። ጭጋጉ ከጠዋት እስከ ዙሁር ሶላት ድረስ በማይነሳበት ክረምት ጉሮሮውን የማያመው ማን አለ? ነጭ ሽንኩርት በማር አድርጌ አስዋጥኳት። ምችም ይሆናል ብዬ ዳማከሴ በመዳፌ አሽቼ አሸተትኳት። በሦስተኛው ቀን አንገቷ በግራም በቀኝም አበጠ፣ የዓይኗ ቆብ አበጠ፣ ትኩሳቱ ከምድጃ ይብሳል። ድምጿ ባፍንጫዋ ሆነ። አፏን አስከፍቼ ብመለከት ጉሮሮዋ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ተለጥፏል። ያቺ ሱዚ ዘላይ ውሃ ስሰጣት ራሷን እንኳ ቀና ማድረግ አቅቷት በክንዴ ደግፌ አጠጣኋት።

ጎረቤቴ የባለ ሱቁ ሚስት መጣች። አይታት ተመልሳ ሄደችና ቀይና ቢጫ ቀፎ ያለው ክኒን በወረቀት ጠቅልላ አመጣች።

«የኔ ልጅ አምና እንዲህ ሆኖ በዚህ ነው የዳነ። አሞክሳሲሊን ይባላል። ስድስት ተርፎኛል።»

እኛ ሰፈር የተረፈ መድኃኒት እንደ እርሾ ነው፤ ከቤት ቤት ይዞራል እንጂ አይጣልም። እኔም አመስግኜ ተቀበልኩና በጠዋትና በማታ አስዋጥኳት። ክኒኑ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ልብሷን ልቀይር ገልጬ ባይ፣ ልጅቷ ከደረቷ እስከ እግሯ ሽፍ ብላለች። በርበሬ የተነሰነሰባት ነው የሚመስለው።

«ኩፍኝ ነው» አለች ጎረቤቴ ከበሩ ላይ ሆና። «ጨለማ ቤት አስገቢያት፣ ሽታም እንዳያገኛት።»

ያ ረቢ፣ ጉሮሮ ብዬ የጀመርኩት ነገር ኩፍኝ ሆኖ አረፈው። የልጄ አደራ እንደ ድንጋይ ሆኖ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷን አዘልኳት፣ ጎረቤቴ ጃንጥላ ያዘችልን፣ በዚያ ጭቃ ወደ ሐኪም ሄድን።

ሐኪሙ ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ ነው፤ ግን እጁ ለስላሳ ነበር። ጉሮሮዋን አየ፣ አንገቷን ነካካ፣ ደሟን አስመረመረ። ከዚያ ወንበሩን ወደኔ ሳበና «እናቴ፣ ምን መድኃኒት ሰጥተዋታል?» አለኝ።

«ምንም» አልኩ።

ልጅቷ በዚያ ባፍንጫዋ ድምፅ «ቀይና ቢጫ ክኒን» አለች።

ጎረቤቴ ጃንጥላውን ማጠፍ ጀመረች። ታጥፎ ያለቀውን ጃንጥላ ነው እንደገና የምታጥፈው።

ሐኪሙ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ፈገግ አለ። «ይኼ ኩፍኝ አይደለም። የያዛት በሽታ ሌላ ነው። ያ በሽታ ያለበት ሰው ይኼን ክኒን ሲውጥ እንዲህ ሽፍታ ይወጣበታል። በሉ ክኒኑን አቁሙ፣ ሽፍታው ይጠፋል።»

«እሺ በሽታውስ ምንድን ነው?»

«ሞኖኑክሊዮሲስ ይባላል።»

«ስሙ ተጠርቶ እስኪያልቅ ልጅቷ ትድናለች» አልኩት።

«የእጢ ትኩሳት ይበሉት ታዲያ» አለ እየሳቀ። ከዚያ አስተኛትና ከግራ ጎድኗ በታች ሆዷን በቀስታ ጫን ጫን አደረገ። ሳቁን ተወው። «እናቴ፣ አሁን የምነግርዎትን ልብ ይበሉ። ጣፊያዋ አብጧል። አንድ ወር፣ አንድ ወር ከግማሽ፣ መሮጥ የለም፣ መዝለል የለም፣ ውሃ መሸከም የለም። ብትወድቅ ወይም ሆዷን ብትመታ ጣፊያው ሊፈነዳ ይችላል። በሷ ኩባያ ሌላ ልጅ አይጠጣ። ጉሮሮዋንም ማንም እንዳይነካው። እንጥል ቆራጭ ዘንድ ይዘዋት እንዳይሄዱ፣ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል።»

«ምን በወጣኝ» አልኩ። «መድኃኒቱንስ የት ነው የምቀበል?»

«መድኃኒት የለውም። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እሰጥዎታለሁ። ብዙ ፈሳሽ ታጠጧታላችሁ፣ ታርፋለች፣ በራሱ ጊዜ ይለቃታል።»

ይኼ ነገር አልገባኝም። ስም እንደዚያ ረዥም የሆነ በሽታ እንዴት መድኃኒት አይኖረውም? ስንመለስ ጎረቤቴም ይኸንኑ አለች። «መርፌ እንኳ አልወጋትም እኮ» አለች፣ የተሰረቅን ያህል አዝና።

እና ተቀመጥን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልጅቷ ስለምትተኛ መዝለሉ አያሰጋም ነበር። የቸገረኝ የኔ እግር ነው። አንድ ቀን ከወረኢሉ ለሠርግ ጥሪ መጣ፤ ልጅቷ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ስትሰማ ቆይታ «እምዬ፣ አርፊ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ ሂጂ» አለችኝ። አልሄድኩም። በዕድሜዬ ያመለጠኝ የመጀመሪያው ሠርግ እሱ ነው። ግን ያላሰብኩት ነገር ሆነ። እኔ አልሄድ ስል አገሩ ወደኔ መምጣት ጀመረ። ስዞር የምለቅመውን ወሬ ሴቶቹ እጥፍ አድርገው ቤቴ ድረስ ያመጡልኛል፣ አጥሚቱንም ይዘው ይመጣሉ። ቁጭ ማለት እንዲህ ከሆነ እስከ ዛሬ ለምን ለፋሁ አልኩ።

ልጅቷ ነቃ በምትልበት ሰዓት ቅልብልብ እንጫወታለን። አምስት ጠጠር ነው፣ አንዱን ወደ ላይ ወርውሮ ሳይወርድ ሌላውን ማፈስ ነው፣ ተቀምጦ የሚሆን ጨዋታ። ትኩሳት እያንቀጠቀጣት እንኳ ታሸንፈኝ ነበር። «እምዬ፣ አንቺ ጠጠሩን ትተሽ በሩን ነው የምታይው» ትለኛለች።

እናቷ በየጁምዓው በባለ ሱቁ ሞባይል ትደውላለች። ልጅቷ ከታመመች ወዲህ በመጀመሪያው ጁምዓ ልጅቷን አቅርቢልኝ አለችና ጥቂት ቃል ተለዋወጡ። መልሳ እኔን ጠየቀች፣ «ድምጿ ምን ሆኗል?»

«በቆሎ አፏ ውስጥ ነው።»

«በቆሎ ደርሷል እንዴ?»

«ከቆላ መጥቶ ነው» አልኩ። አላህ አፉ ይበለኝ። ፈተናው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። እውነቱን ብነግራት በማግስቱ መኪና ላይ ናት። ልጅቷን እኔው አድኜ እሰጣታለሁ አልኩ። ይኼን ካልኩ በኋላ ግን ሐሳቡ የኔ ብቻ ሆነ።

ከዚያ ጉሮሮዋ ጭራሽ ተዘጋ። አጥሚት አይወርድም፣ ውሃም በማንኪያ ነው፣ እሱንም ስትውጥ እንባዋ ይወርዳል። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነች። ጎረቤቴ ገብታ አየቻትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እስከ መቼ ነው የምታያት? እንጥሏ ወርዷል» አለችኝ።

በኛ አገር ጉሮሮው ያበጠ ልጅ እንጥሉ ወርዷል ይባላል። አፍ ሲከፈት ከወደ ኋላ ተንጠልጥላ የምትታየዋ ሥጋ ናት። ትቆረጣለች። የኔ ተቆርጣለች። የልጄንም ጭንቅላቷን እኔው ይዤ አስቆርጫለሁ፤ ገና በተወለደች አንድ ሳምንት ሳይሞላት ነው፣ ስትጮህ ነበር። ሐኪሙ አትሂዱ ብሎኛል፤ ሐኪሙ ግን መድኃኒትም አልሰጠኝም። ልጅ እያየሁት ውሃ መዋጥ ሲያቅተው «በራሱ ጊዜ» የሚለውን ነገር እንዴት ብዬ ልጠብቀው? ያን ሌሊት ዱዓዬን አድርጌ፣ በማግስቱ ልጅቷን አዘልኳት።

እንጥል ቆራጯ ሴትዮ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ቤታቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ የልጄን እንጥል የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው በሩን ከፈተችና ወደ ውስጥ ዞራ «እማ፣ የአስተማሪዋ እናት ናቸው፣ የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጥተዋል» አለች።

«አንቺ ዞሮ አደር፣ መጣሽ?» አሉ ከመደቡ ላይ ሆነው።

«መጣሁ እትዬ። እንጥሏ ወርዶብኝ ነው፣ እስቲ ይዩልኝ።»

«ነይ ወዲህ የኔ እናት» ብለው ልጅቷን በጉልበታቸው መሃል አቆሟት። ፊቷን ዳበሱ፣ አንገቷን ዳበሱ፣ አፏን አስከፍተው ጣታቸውን ሰደዱ። ልጅቷ ነከሰቻቸው። እኔ በሀፍረት የምገባበት ጠፋኝ። ሴትዮዋ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው «ጥርሷስ ደህና ነው» አሉ።

«ታዲያ ይቁረጡልኛ።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ረቡዕ።»

«የረቡዕ ደም አይቆምም። ቅዳሜ ነይ።»

«እትዬ፣ የእናቷን ረቡዕ አይደል እንዴ የቆረጡልኝ?»

«ለዚያ ነዋ እንዲያ ለፍላፊ የሆነች።»

ተመለስን። መንገድ ላይ ልጅቷ ጀርባዬ ላይ ሆና ጆሮዬ ሥር «ሲቆርጡት ያማል?» አለች።

«ቁንጫ እንደነከሰሽ ነው።»

አገጯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። እንደገና «ከቆረጡት በኋላ ለኔ ይሰጡኛል?»

«ምን ልታደርጊው?»

«ለነሱ ላሳያቸው።» እነሱ የምትላቸው ሱዚ የሚዘሉትን ጓደኞቿን ነው።

ቅዳሜ ሄድን። ዝናብ ነው፣ ሰማዩ እንደ ክዳን ተደፍቷል። ሴትዮዋ ገና ድምፄን ሲሰሙ «በደመና ጉሮሮ አይነካም» አሉ።

«ክረምት ነው እኮ፣ ደመና የሌለበት ቀን ከየት ላምጣ?»

«ያገኘሽ ዕለት አምጫት። እስከዚያ ለብ ያለ ውሃ በጨው አድርገሽ ጉሮሮዋ ላይ ታንቆርቁረውና ትትፋው።»

ለብ ያለ ውሃ በጨው ማታም ጠዋትም አንቆረቆርን። ልጅቷ አፏን ሽቅብ አድርጋ ስታንቆረቁር ዜማ ታወጣለች፣ እኔ ትን ይላታል እያልኩ ከፊቷ ሆኜ እርበተበታለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ፍንትው አለች። ሳልውል ሳላድር ተነሳሁ። ልጅቷ «ዛሬ በግሬ ልሂድ» አለች። ጣፊያሽ ብዬ አዘልኳት።

ሴትዮዋ ፀሐዩን ፊታቸው ላይ አድርገው ደጃፋቸው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ማን እንደመጣ ነገረቻቸው።

«እነሆ ደመና የለም» አልኩ።

«ቢላዋው የለም» አሉ። «ባለእጅ ሊሞርደው ወሰደው።»

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ከዓመታት በፊት ደጎሎ ሠርግ ላይ አንድ ግጥም ጥዬባቸው ነበር፤ በአንገታቸው ርዝመት ነው፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸው አልሳቁም። ቂም ይዘውብኛል አልኩ። ባንዲት ሕፃን ቂም መወጣት።

«ቢላዋ ከቤቴ ላምጣልዎት?» አልኳቸው።

«በሽንኩርት ቢላዋ እንጥል ሲቆረጥ የት አየሽ?»

«ታዲያ ልጅቷ በጾሟ ትሙትብኝ?»

እኛ እንዲህ ስንባባል የሴትዮዋ ልጅ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አምጥታ መሃላችን አስቀምጣ ገብታለች። ሴትዮዋ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ።

«ይኼ የሚንኮሻኮሸው ማነው?»

ዞር ብል ልጅቷ ሁለቱም ጉንጯ ሞልቷል።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ዋጥ አድርጋ።

«ቆሎ የሚውጥ ጉሮሮ ይዘሽ ነው እንዴ ከኔ ጋር የምትጣይ?» አሉ ሴትዮዋ። «ሂጂ፣ ቤትሽ ግቢ። ቤትሽን ታውቂው እንደሆን።»

ልጅቷን አዝዬ ስመለስ በኩርፊያና በደስታ መካከል ሆኜ ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም ነበር። ቆሎ በልታለች። ማታ እንጀራ በላች፣ በማግስቱ ሁለት ጊዜ በላች። ትኩሳቱ ለቀቀ፣ የአንገቷም እብጠት ቀስ እያለ ሟሸሸ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ያንን ጣፊያ መጠበቅ ነው፤ እሱ ከበሽታው ባሰ። የዳነ ልጅ ማን ያስተኛል? ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ ከኋላዋ እከተላለሁ። ጓደኞቿ ላስቲኩን ግቢያችን ውስጥ ዘርግተው ሲዘሉ እሷን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ዳኛ አደረግኋት። እንደሷ ክፉ ዳኛ አላየሁም፤ በመስከረም ተመርምራ ሐኪሙ «ዝለይ» እስኪላት ድረስ አንድም ልጅ አንገት አላደረሰችም።

እናቷ ወረቀቷን ይዛ የመጣች ዕለት ልጅቷ አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ነገረቻት፤ ክኒኑን፣ በቆሎውን፣ ንክሻውን። እናቷ ሻንጣዋን መሬት ላይ ጣለች፣ የልጅቷን ራስ ወደ ፀሐይ አዙራ አፏን አስከፈተቻት። ሰው እያለፈ ያየናል። ረዥም ጊዜ አየች።

«አለ» አለች።

«ሦስት ጊዜ ወስጃት ሦስት ጊዜ መለሱን» አልኩ።

ልጄ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ አብራት የምታስተምር አንዲት ሴት ልጇን እንዲህ አስቆርጣ ደሙ አልቆም ብሎ እንደቀበረቻት ነገረችኝ። ያን ቀን ሶላቴን አርዝሜ ሰገድኩ። ሴትዮዋን ግን ይቅር አላልኳቸውም። ለልጅቷ አዝነው አልመለሱኝ፣ በቂማቸው ነው እንጂ እያልኩ፣ ገበያ ላይ ሳያቸው በሌላ መንገድ አልፍ ነበር። አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ብንገናኝም ሰላምታ ሳይሰጡኝ አለፉ። ይኸው፣ ቂሙ እንዳለ ነው አልኩ። እንዲህ እንደሆንን ሞቱ፣ አላህ ይዘንላቸው።

ብዙ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ወደ ወረኢሉ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው የሴትዮዋ ልጅ ሆነች፤ እሷም ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ልጅ ታቅፋለች። ስለ ጭቃውም ስለ ገበያውም ስናወራ ቆየንና «እናቴን ተቀይመዋት ነበር አሉ» አለችኝ።

«እሳቸው ናቸው እንጂ የተቀየሙኝ» አልኩ። «ሠርግ ላይ ለጣልኩት ግጥም ብለው ሦስቴ አመላለሱኝ።»

የያዘችውን ልጅ ወደ ሌላ ጉልበቷ አዛወረችና አየችኝ።

«እማዬ ያኔ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር» አለች። «እርስዎ ከመምጣትዎ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ከብርሃንና ከጨለማ በቀር አታይም። ሰው እንዳይሰማብኝ ብላ አስማለችኝ፤ የመጣውን ሁሉ እንዲያው በሰበብ ነበር የምትመልስ።»